ከጣና ዳር ወጥቶ በመጽሐፍ የተመለሰ ዕውቀት

እ.ኤ.አ. በ1973 ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል በምትባል ተራራማ ከተማ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስለ ሙያቸው ሥልጠና ለመምከር ተሰብስበው ነበር። ከጉባኤው ከወጡት ምክረ ሐሳቦች አንዱ ለዘመኑ ደፋር ነበር፦ የተለየ ባህል ያላቸውን ሰዎች ለማገልገል ሳይሠለጥን አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ የሙያውን ሥነ ምግባር ይጥሳል የሚል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደራልድ ዊንግ ሱና ባልደረቦቻቸው ይህን ሐሳብ በብቃት መለኪያዎች ዘረዘሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ሱ፣ ፓትሪሺያ አሬዶንዶና ሮደሪክ ማክዴቪስ ዝርዝሩን 31 አደረሱት። ዝርዝሩ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ አማካሪው የራሱን አስተዳደግና አድልዎ እንዲያውቅ፣ የባለጉዳዩን ዓለም እንዲረዳ፣ ለዚያ ዓለም የሚስማማ ዘዴ እንዲይዝ። የባህል ብዝኃነት ብቃት የሚባለው ነገር በድኅረ ምረቃ የሥነ ልቦና ሥልጠና ውስጥ ቦታ ያገኘው እንዲህ ነው። ለአሜሪካኖች ጉዳዩ ከሲቪል መብት ትግል ማግስት የተነሣ የቤታቸው ጥያቄ ነበር። ባለሙያው በአብዛኛው ነጭ ነው፤ ከፊቱ የሚቀመጠው ጥቁር፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ የላቲን አሜሪካ ወይም የእስያ ተወላጅ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሁለቱም የሚያውቁት የባርነትና የመገለል ታሪክ አለ።

ትምህርቱ ወደ እኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመጣ ይህን ታሪክ ተሸክሞ መጣ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ሰው የሚያነባቸው መጻሕፍት በአብዛኛው እንግሊዝኛና አሜሪካዊ ናቸው። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ "የተለየ ባህል ያለው ባለጉዳይ" ማለት ሎስ አንጀለስ ወይም ቺካጎ የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ምዕራፉን አጥንቶ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ጉዳዩ የሌላ አገር ጉዳይ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። የጣና ዳርቻ ከዘጠና ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ባህል የሚጠይቁ የውጭ ሰዎች የተማሩበት ቦታ ነው፤ ከዚህ የተቀሰመው ዕውቀት በዓለም አቀፉ ሙያ ውስጥ አሻራውን ትቷል። የአካባቢው ሠልጣኝ ወደ ብቃቱ የሚደርሰው ይህን ታሪክ ከነጉድለቱ ሲማር ነው፤ ማን ስለ ማን እንደጻፈ፣ በዚህ ዳርቻ ማን ከማን ጋር ማዕድ እንደማይቆርስ፣ እርሱ ራሱ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የት እንደተወለደ ሲያውቅ። የልማዶች ዝርዝር ማጥናት ለዚህ አያበቃም።

ታሪኩን ከጎንደር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዩ የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ ከሐይቁ በስተሰሜን ጎንደር ላይ ለወራት ሰፍሮ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ደራሲው ሚሼል ሌሪስ ብዙ ጊዜውን ያሳለፈው ወይዘሮ መልካም አየሁ በሚባሉ የዛር መሪ ዙሪያ ነው። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት ማን በየትኛው ዛር እንደተያዘ፣ ዛሩ ምን ዓይነት ግብር እንደሚጠይቅ፣ ዛሩ የወረደባት "ፈረስ" እንዴት እንደምታጓራና እንደምትፎክር መዘገበ። በ1934 የጉዞ ማስታወሻውን አሳተመ፤ በ1958 ደግሞ የጎንደርን ዛር ከቲያትር ጋር የሚያስተያይ መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ በሁለተኛው ሥራው ያነሣው ነጥብ ለአንድ የምክር አገልግሎት ሠልጣኝ ከብዙ ምዕራፎች ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሴትየዋ ታስመስላለች ወይስ በእውነት ተይዛለች ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም፤ በሁለቱ መካከል ሰው ከልቡ የሚኖረው፣ እየኖረውም በሰው ፊት የሚያሳየው ሰፊ ቦታ አለና። ይኸው ጓድ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አውርዶ፣ በምትካቸው አዲስ ቅጅ አስሎ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወስዷል። ዕውቀቱም በተመሳሳይ መንገድ ሄደ፤ የወይዘሮ መልካም አየሁ ቃል በፈረንሳይኛ ተጽፎ ለፈረንሳይኛ አንባቢ ቀረበ።

የሌሪስ ሁለተኛ መጽሐፍ በወጣበት በ1958 አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ሳይመን መሲንግ ስለ ኢትዮጵያ ዛር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሌሪስ ቲያትር ያየበትን ስብሰባ መሲንግ የቡድን ሕክምና ብሎ አነበበው። በእርሱ ትንታኔ የዛር ማኅበር የሚሰበስበው በአብዛኛው ያገቡ ሴቶችን፣ ከእነርሱም ጋር በኅብረተሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ሰዎችን ነው። በሽታው ከነጭራሹ ለቆ አይሄድም፤ ታማሚዋ ግን ቋሚ አባል ትሆናለች፣ የሚሰማት ታገኛለች፣ በራሷ ስም ልትጠይቅ የማትደፍረውን ልብስና ጌጥ በዛሯ ስም ከባሏ ትጠይቃለች። የመሲንግ አስተዋጽኦ ሕመሙን ከማዕረግ ጋር ማያያዙ ነው። በጎንደር ቤቶች ውስጥ የሚናገረው ዛር ስለ ጋብቻና ስለ ወገን፣ ስለ ጌታና ስለ ሎሌ እንደሚናገር አሳየ። ከዚያ አለን ያንግ መጣ። ያንግ በቤጌምድር አማሮች የሕክምና እምነትና ልምድ ላይ ያጠናውን የዶክትሬት ሥራ በ1970 አቀረበ፤ በ1976 ባሳተመው ጽሑፉ የሕክምና እምነቶች ሁለት ዓይነት አዝማሚያ እንዳላቸው፣ አንዱ የሕመምን መነሻ በሰውነት ውስጥ ሌላው ከሰውነት ውጭ እንደሚፈልግ አስረዳ። ከሰውነት ውጭ ለሚፈልገው አዝማሚያ ምሳሌ ያደረገው ከጣና በስተምሥራቅና በስተሰሜን ያለውን የቤጌምድር ገበሬ ነው። ገበሬው ሲታመም የት እንደዋለ፣ የትኛውን ወንዝ በስንት ሰዓት እንደተሻገረ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ሲበላ እንዳየው ይጠየቃል፤ የሆድ ዕቃው አሠራር እምብዛም አያነጋግርም። ያንግ በኋላ በዓለም የታወቀው የአሜሪካ ሐኪሞች ከቬትናም ጦርነት በኋላ ያጸደቁትን ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም የታሪክ ውጤት አድርጎ በመረመረበት በ1995ቱ መጽሐፉ ነው። የቤጌምድርን መድኃኒተኛና ደብተራ ሥራ ሲያጠና የኖረ ሰው ዓይኑን መልሶ በራሱ አገር ሐኪሞች ላይ ማድረጉ ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ፍሬ ነው።

የውጭ ባለሙያዎች የተማሩበት ሌላው ትምህርት ቤት የተከፈተው ከጣና ዳር ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 መካከል በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓዙ። በሁለተኛው ጉዞ ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓጓዘ። ብዙዎቹ የመጡት ከጎንደርና ከአካባቢው ገጠር ነው። የእስራኤል የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች በመማሪያ መጽሐፋቸው ያላገኙት ነገር ገጠማቸው። በሱዳን በረሃ ዘመዶቹን ቀብሮ የመጣ ልጅ በአማካሪ ፊት ዓይኑን ሰብሮ ይቀመጣል፤ ለሚጠየቀው ሁሉ እሺ ይላል፤ ያዘነውን አያወራም። ይህን ዝምታ የሕመም ምልክት አድርገው የመዘገቡ ነበሩ። ከወጣቶቹ ጋር ለዓመታት የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋዲ ቤንኤዘር ዝምታውና የዓይኑ መሰበር አክብሮት እንደሆነ፣ ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ፣ ሐዘንን በሆድ መያዝም የተማሩት ጨዋነት እንደሆነ ለባልደረቦቹ ማስረዳት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ኒምሮድ ግሪሳሩ፣ ኤሊዔዘር ዊትዝቱምና ባልደረባቸው በኢትዮጵያውያን መጤዎች ላይ የታየው የዛር መያዝ የአእምሮ በሽታ ነው ወይስ ከባህል ጋር የተሳሰረ ሕመም ብለው በርእሱ ራሱ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተሙ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በአራተኛው የምርመራ መመሪያው ዛርን ከባህል ጋር የተሳሰሩ ሕመሞች በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ2013 በወጣው አምስተኛ መመሪያ ዝርዝሩ ዘጠኝ ሆኖ ሲቀየር ዛር አልተካተተም፤ በምትኩ ለማንኛውም ታካሚ የሚቀርቡ 16 ጥያቄዎች ያሉት ቃለ መጠይቅ ተዘጋጀ። ችግሩን በራስህ አነጋገር ምን ትለዋለህ፣ ከምን መጣ ትላለህ፣ እስካሁን ወዴት ሄደህ መፍትሔ ፈለግህ እያለ የሚጠይቅ ነው። የመጨረሻው፣ 16ኛው ጥያቄ፣ ሐኪምና ታካሚ ከተለያየ አስተዳደግ በመምጣታቸው ሊፈጠር ስለሚችለው አለመግባባት ሥጋት ካለ ይጠይቃል። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

እነዚህ የውጭ ሰዎች ከአገሬው ሠልጣኝ በአንድ ነገር ይሻሉ ነበር፤ አለማወቃቸውን ያውቁ ነበር። አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል፣ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ተሳስተው ይታረማሉ። ባሕር ዳር ተወልዶ ባሕር ዳር የተማረ ሠልጣኝ ግን ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ገና ሳይጠይቀው የሚያውቀው ይመስለዋል። ለዚህ ነው በጉዳዩ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚያሳምነው፦ አማካሪውም አማርኛ ተናጋሪ፣ ባለጉዳዩም አማርኛ ተናጋሪ፣ ሁለቱም ጾም ጿሚ፣ ሁለቱም ቡና ጠጭ ከሆኑ የባህል ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ በሐይቁ ዳር ይገኛል። ነገደ ወይጦ የጣና ዳርቻ ጥንታዊ ነዋሪዎች ናቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ ጠቅሷቸዋል፤ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማንም ስለ ጣናና ስለ አባይ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነርሱ ጽፏል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ይናገራሉ፤ ሙስሊሞች ነን ይላሉ። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ያ ታንኳ ዛሬ በከተማዋ ሥዕሎችና የቱሪስት ዕቃዎች ላይ ሁሉ ይታያል። ጉማሬ በማደናቸውና በመብላታቸው ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጸየፋቸው፣ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያርቃቸው ኖሯል። ከተማዋ በሐይቁ ዳር ስትሰፋ ሠፈራቸው ከውኃው ሲገፋ፣ ደንገሉ ሲመናመን ኑሯቸውም አብሮ ተናግቷል።

አሁን አንዲት የነገደ ወይጦ እናት ልጇ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎባት ወደ ምክር አገልግሎት ብትመጣ አማካሪዋ የሚያስፈልገው የትኛው ዕውቀት ነው? ቋንቋው አንድ ነው። ስለ ነገደ ወይጦ የሠርግ ልማድ አንድ አንቀጽ ማንበቡም አይጎዳም። ያለ እርሱ ግን ምንም የማይሠራው ዕውቀት ሌላ ነው፤ ምናልባት በአማካሪው ቤት የነገደ ወይጦ ሰው የጠጣበት ዋንጫ ተለይቶ ይቀመጥ እንደነበር፣ ምናልባት እርሱ ራሱ በልጅነቱ በስድብ ሲጠራቸው እንደሰማና እንደደገመ ማወቅ። ልጁ ከክፍል የሸሸው አብረውት የሚማሩት ከጎኑ አንቀመጥም ብለውት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማያምኑት ሰው እናቱ አትናገርም። ደራልድ ዊንግ ሱና ባልደረቦቻቸው ከሁሉ ያስቀደሙት ብቃት፣ የራስን አድልዎ ማወቅ፣ ሲያትል ለሚማር ተማሪ ካለው ይልቅ በዚህች የምክር ክፍል ውስጥ ትርጉሙ ይከብዳል። የ16ኛውም ጥያቄ ቦታ ይኸው ነው። በአሜሪካ መመሪያ ውስጥ ከሌሎቹ አንዱ የሆነው ጥያቄ እዚህ ፊተኛ መሆን አለበት፤ ጠያቂውም ታሪኩን ካላወቀ መልሱን ሲሰማ አይገባውም።

በሐይቁ ዳር ያለው ዘጌም እንዲሁ ነው። ባሕረ ገቡን ብዙ ሰው የሚያውቀው በኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችና በቡናው ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት በዘጌ በበሬ አይታረስም፤ ደኑም እስከ ዛሬ የቆየው ለዚህ ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው፣ ደስ የሚልም ነው። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ ግን በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከ1900 እስከ 1935 ባለው ጊዜ የዘጌ ካህናትና ባላባቶች ቡናቸውን በባሪያ ጉልበት ያለሙ እንደነበር አሳይተዋል። ቶም ቦይልስተን በዘጌ ኖሮ ባጠናው ሥራ፣ በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማዕድ መቁረስና አለመቁረስ፣ ጾምና ክልከላ፣ የቡዳ ፍርሃትና የባርነት ቅሪት በአንድ ሥርዓት ውስጥ እንዴት እንደተሳሰሩ መርምሯል። ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1942 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአያትን ስም እየጠቀሱ መለየት ግን በአዋጅ አይቆምም። የሮናልድ ሬሚኒክ የ1974 ጽሑፍ በመንዝ፣ የሃጋር ሳላሞን ሥራ ደግሞ በቤተ እስራኤላውያን ትዝታ ላይ ተመሥርተው የቡዳ ክስ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በማን ላይ እንደሆነ ያሳያሉ፤ መሬት በሌለው፣ ብረት በሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ በሚሠራው፣ በሸማኔው። እንግዲህ "ቡዳ በልቶኝ ነው" ብላ የመጣች ባለጉዳይ ፊት የሚቀመጥ ሠልጣኝ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊታዩት ይገባል። አንዷ ሕመሟን በምታውቀው መንገድ የምትገልጽ ሴት ናት፤ ሌላው ክፍሉ ውስጥ የሌለ፣ ግን ክሱ የሚያርፍበት ጎረቤት ነው። የአሜሪካ መጻሕፍት የባለጉዳይን እምነት አክብር ሲሉ ይህን ሁለተኛውን ሰው አላሰቡትም፤ በእነርሱ ታሪክ ውስጥ እምነቱ ያለው በተገፋው ወገን ዘንድ ነውና። እዚህ ግን እምነቱ ራሱ የሚገፋበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል፦ ዛርንም ቡዳንም ጠንቋይንም በባህል ስም ማስተናገድ ሳይንስን መተው ነው፤ ሰው በሰንሰለት እየታሰረ፣ መድኃኒቱን እየጣለ ስለ ባህል ብቃት መስበክ ነውር ነው። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል 1044 ታካሚዎችን ጠይቆ ከሆስፒታሉ በፊት ወደ ካህን፣ ወደ ጸበልና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ወደ አንድ ሦስተኛ እንደሚጠጉ አሳይቷል፤ ሕመሙ ከጀመረ እስከ ሆስፒታል ያለው መካከለኛ ጊዜ 38 ሳምንት ነበር። ብዙ ወራት የባከነበት ሕመም ለማዳን እንደሚያስቸግር ማንም ያውቃል። ነገር ግን እነዚህን ቁጥሮች የሰጠን ጥናት ታካሚዎችን ወዴት ሄዳችሁ ብሎ ያለ ወቀሳ የጠየቀ ጥናት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በ2017 ከሶዶ ወረዳ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቤተሰቦች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ዘመዳቸውን የሚያስሩት ብዙ ጊዜ ሕክምና ማግኘት ስላልቻሉና ጉዳት እንዳይደርስ ስለፈሩ እንደሆነ አስረድቷል። ሰንሰለቱን በእምነት ብቻ ያስረዳ ባለሙያ ቤተሰቡን ይወቅሳል፤ መድኃኒቱን ግን አያደርስም። ብቃት ማለት ሁሉን ማጽደቅ አይደለም። ሠልጣኙ የንስሐ አባት፣ የሽማግሌ፣ የደብተራና የባለ ዛር ወንበር ቀድሞ በተያዘበት አገር ላይ አዲስ ወንበር ይዞ እንደመጣ ካላወቀ ባለጉዳዩ መድኃኒቱን ለምን እንደተወ እንኳ አይነገረውም። ለእርሱ የሚነገረው ሊሰማ የሚወደው ብቻ ነው፤ እስራኤል ውስጥ እሺ እያሉ ዝም ያሉት ልጆች ይህን አሳይተውናል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በጥንቃቄ ማየት ይገባል፦ በዛሬይቱ ኢትዮጵያ የሰው ማንነት ለመገፋትና ለመሞት ምክንያት በሆነበት ጊዜ ሠልጣኞችን ስለ ልዩነት ማስተማር በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ሥጋቱን እጋራለሁ። የብዝኃነት ትምህርት ሕዝቦችን እየዘረዘረ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጠባይ የሚያድል ከሆነ፣ አማራ እንዲህ ነው፣ አዊ እንዲህ ነው፣ ጉሙዝ እንዲህ ነው የሚል ሰንጠረዥ ከሆነ፣ ቢቀር ይሻላል፤ ይህ በፖለቲካው የለመድነውን ክፋት በክሊኒክ ውስጥ መድገም ነው። የታሪክ ትምህርት ግን ተቃራኒውን ይሠራል። መሲንግ በጎንደር ያየው ልዩነት በአንድ ሃይማኖትና በአንድ ቋንቋ ውስጥ በባልና በሚስት፣ በጌታና በሎሌ መካከል ያለውን ነው፤ ነገደ ወይጦና ጎረቤታቸው የሚጋሩት ቋንቋ አንድ ነው፤ የዘጌ የባሪያ ዘርና የባለቡና ዘር በአንድ ደብር ይሳለማሉ። ልዩነትን በዚህ መልኩ የተማረ ሰው ማንነትን እንደ ደም ሳይሆን እንደ ተሠራ ነገር ያየዋል፤ የተሠራበትንም እጅ ይጠይቃል። በ2013 ዓ.ም. ከጀመረው የሰሜን ጦርነት ወዲህ ተፈናቃዮችንና በጦርነት የተጎዱ ሰዎችን የሚያማክር ሰው በአማራ ክልል እጅግ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ በአሜሪካ የተዘጋጀ የጭንቀት መለኪያ ብቻ ይዞ የሚወጣ ሠልጣኝ አለን ያንግ ከቤጌምድር ከተመለሰ በኋላ ያነሣውን ጥያቄ፣ ይህ መለኪያ በማን ላይና በየትኛው ጦርነት ማግስት ተሠራ የሚለውን፣ ከመምህሩ መስማት ይገባዋል።

ለዚህ ሁሉ ባሕር ዳር ከባዶ አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ ዛሬ ፔዳ የምንለው ግቢ መነሻ፣ ዓላማው በልዩ ልዩና በተለዋዋጭ የገጠር ኑሮ ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር፤ የመምህራን አሠልጣኞችን፣ የትምህርት ተቆጣጣሪዎችን፣ የጎልማሶች ትምህርት ሠራተኞችን። ተቋሙ ከባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ጋር ተቀላቅሎ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲመረቅ የሥነ ልቦና ትምህርትም የመጣው ከዚህ የመምህራን ሥልጠና መሠረት ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከማግኘታቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ አገር እንዲያገለግሉ ግዴታ ነበረባቸው። አብዛኞቹ አስተማሩ። ይህ አገልግሎት ጉድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ የከተማ ተማሪ ገጠር ሄዶ የገበሬውን አለማወቅ ብቻ አይቶ የተመለሰበት ጊዜም ነበር። የሐሳቡ መሠረት ግን ትክክል ነበር፤ ሰው የሚያገለግለውን ሕዝብ በቦታው ሳያውቅ አይመረቅም የሚል።

አራተኛው ተቃውሞ የእጥረት ነው፦ ሐኪም በሌለበት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ በጣት በሚቆጠርበት አገር በመጀመሪያ መሠረታዊ ሙያ ይማሩ፣ ባህል በኋላ ይደርሳል። እጥረቱ እውነት ነው፤ አማኑኤል ለብዙ ዘመን ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን መሠረታዊው ሙያ ራሱ ያለ ባህል ዕውቀት እንደማይሠራ ከዚሁ ከአገራችን የወጣ ማስረጃ አለ። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲሠራበት ምን እንደሚሆን መረመረ። መጠይቁ ተተርጉሟል፣ ሰዎቹ መልሰዋል፣ ነጥቡም ተደምሯል። ኮርትማን ግን መላሾቹን ለምን እንዲህ አላችሁ ብሎ መልሶ ሲጠይቃቸው ብዙዎቹ ጥያቄውን ጠያቂው ባሰበው መንገድ እንዳልተረዱት አገኘ። አዎን ያለው ሰው ለሌላ ነገር አዎን ብሏል። በእንዲህ ያለ መጠይቅ የተሠራ ምርመራ ባለሙያ ስላነሰ ብቻ ትክክል አይሆንም፤ እንዲያውም ባለሙያው አንድ ብቻ ሲሆን ስህተቱን የሚያርም ሁለተኛ ሰው ስለማይኖር ጉዳቱ ይብሳል።

የኮርትማን ማስረጃ የሥልጠናውን ቋንቋም ይነካል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ባለጉዳዩን በአማርኛ ያነጋግራል፣ የምክሩን ማስታወሻና መመረቂያ ጽሑፉን መልሶ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። ባለጉዳዩ ያለው ነገር አሠልጣኙ ፊት ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ አሠልጣኙ የሚያርመው የተማሪውን እንግሊዝኛ እንጂ የባለጉዳዩን ቃል አይደለም። ስለዚህ ትልቅ በጀት የማይጠይቅ አንድ ለውጥ አለ፦ የምክሩ ማስታወሻ ባለጉዳዩ በተናገረበት ቋንቋ ይጻፍ፣ የአሠልጣኙና የሠልጣኙ ውይይትም በዚያው ቋንቋ ይካሄድ፣ እንግሊዝኛው በኋላ ይምጣ። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለው አዊ አገውኛ የልጆች መማሪያ ቋንቋ ሆኗል፤ እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶለታል። አገውኛ የሚናገሩ ተማሪዎች በሥነ ልቦና ድኅረ ምረቃ ሲገቡ ቋንቋቸው እንደ ሙያ መሣሪያ ሊቆጠርላቸው፣ የሚጽፉት የባለጉዳይ ታሪክም በአገውኛ ተጽፎ በትምህርት ክፍሉ ሊቀመጥላቸው ይገባል። ከነገደ ወይጦ ልጆችም ወደዚህ ሥልጠና እንዲገቡ ዩኒቨርሲቲው ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ መጥራት አለበት፤ እስካሁን ስለ እነርሱ የጻፉት ብሩስና ቺስማን፣ ከእነርሱም በኋላ የመጡ ሌሎች ናቸው። ሌሪስ፣ መሲንግና ያንግ የጻፏቸው ሥራዎችም በአማርኛ ተተርጉመው ለሠልጣኞች ይቅረቡ፤ የተጻፉት ስለ አያቶቻቸው ነውና ልክ ያልሆነውን ነቅሰው የሚያወጡት፣ የጎደለውንም የሚሞሉት እነርሱ ናቸው።